ልጅቷ ምን አገኘች?

ባለፈው የእንቁጣጣሽ ዝግጅታችን ላይ ከአዳራሹ መግቢያ አጠገብ «የምንኮራባቸው» የሚል ሰሌዳ ሰቅለን ነበር። ሰሌዳውን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ እዚህ የምጽፈው ወቀሳ ከራሴ ይጀምራል። አትሌቶች አሉበት፣ ሙዚቀኞች አሉበት፣ ሐኪሞችም አሉበት። በሁለተኛው መስመር መሃል ላይ የፕሮፌሰር ሶስና ኃይሌ ፎቶ አለ። ከሥሩ «በዓለም የታወቁ ትውልደ ኢትዮጵያዊት ሳይንቲስት» ብዬ ጽፌበታለሁ።

ምሳው ተበልቶ ቡናው ሲቀርብ የአንዷ ተማሪ አባት፣ በዚህ ከተማ ከሃያ ዓመት በላይ ታክሲ የነዱ ሰው፣ ሲኒያቸውን እንደያዙ ሰሌዳው ፊት ቆመው ቆዩ። ከዚያ ጠሩኝና «ልጄ፣ ይቺ ልጅ ምን አገኘች?» አሉኝ።

«ፉዌል ሴል ላይ ነው የሚሠሩት» አልኳቸው።

«እሱማ ሥራዋ ነው። እኔ ምን አገኘች ነው ያልኩህ።»

«ብዙ ሽልማት አግኝተዋል።»

«ሽልማትማ ከሰው ነው የሚገኘው» ብለው ሳቁና ወደ ወንበራቸው ተመለሱ።

የኬሚካል ኢንጂነሪንግ የዶክትሬት ተማሪ ነኝ፤ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ፕሮፌሰር ሶስና በካልቴክ ለብዙ ዓመታት የቁሳቁስ ሳይንስና የኬሚካል ኢንጂነሪንግ ፕሮፌሰር ነበሩ፤ የእኔው ሙያ ማለት ነው። ፎቷቸውን ከኢንተርኔት አውርጄ፣ በቀለም አሳትሜ፣ ሰሌዳ ላይ ለጥፌአለሁ። ምን እንዳገኙ ግን አላውቅም ነበር። ከጽሑፎቻቸው አንዱን እንኳ ከፍቼ አላነበብኩም።

የሕይወት ታሪካቸውን ግን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ አውቀዋለሁ። እናንተም ሳታውቁት አትቀሩም። (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በ1966 አዲስ አበባ ተወለዱ። አባታቸው የግዕዝ ሊቁ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በ1975 የደርግ ወታደሮች ሊይዟቸው ቤታቸው ድረስ መጥተው በጥይት መቷቸው፤ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስም ከወንበር አልተነሡም። ቤተሰቡ ተሰዶ ሚኒሶታ ገባ። አባትየው እዚያ በቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ የእጅ ጽሑፎች ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በማይክሮፊልም የተነሡ በሺዎች የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍትን ሲያነቡና ካታሎግ ሲያዘጋጁ ኖሩ፤ በ2021 አረፉ። ልጅየው ኤም.አይ.ቲ. ገቡ፣ በርክሌይም ተማሩ፣ በ1992 ዶክትሬታቸውን ከኤም.አይ.ቲ. ያዙ።

እንግዲህ በየዝግጅቱ የምንተርከው ይኼን ነው። ስደት፣ ጥይት፣ ኤም.አይ.ቲ.፤ ከዚያ ጭብጨባ። ታሪኩ እውነት ነው፣ ልብም ይነካል። ግን ልብ ብላችሁ እዩት፤ ታሪኩ የሚያልቀው የሴትዮዋ ሥራ ከሚጀምርበት ላይ ነው። ከ1992 ወዲህ ያለው ከሠላሳ ዓመት በላይ የሆነ ምርምር በእኛ አተራረክ «ከዚያም ታዋቂ ሳይንቲስት ሆኑ» በምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ይታለፋል። (በነገራችን ላይ በእኛ ወግ ቢሆን «ሶስና ጌታቸው» ነበር የሚባሉት፤ ኃይሌ አያታቸው ናቸው። ፈረንጅ አገር የአባትን ስም ዘሎ ከአያት ጋር ያጣብቀናል። የእኔም መታወቂያ እንደዚያው ነው።)

የእኚያ አባት ጥያቄ ስላልለቀቀኝ ጽሑፎቹን እያወረድኩ ማንበብ ጀመርኩ። ከዚያ ከልጃቸው ስልካቸውን ተቀብዬ ደወልኩላቸው። «ጥያቄዎን ልመልስ ነው» ስላቸው «አሁን አየር ማረፊያ ተራ ይዣለሁ፣ ጊዜ አለኝ፣ ቀጥል» አሉኝ።

እንዲህ ብዬ ነበር የጀመርኩት። ፉዌል ሴል ማለት በአንድ ወገን ሃይድሮጅን፣ በሌላው ወገን ኦክስጅን የሚገባበት፣ በመሃሉ ግድግዳ ያለው ዕቃ ነው። ሃይድሮጅኑ ለሁለት ይከፈላል። ፕሮቶኑ ግድግዳውን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ኤሌክትሮኑን ግን ግድግዳው ስለማያሳልፈው በሽቦ ዞሮ ይሄዳል። አምፖል የሚያበራው፣ ሞተር የሚያዞረው ያ በሽቦ የሚዞረው ነው። ማዶ ሲገናኙ ከኦክስጅን ጋር ውሃ ይሆናሉ። ጭስ የለ፣ ጥቀርሻ የለ።

ችግሩ ያለው ግድግዳው ላይ ነው። በብዛት የሚሠራበት የፕላስቲክ ዓይነት ግድግዳ ሁልጊዜ እርጥብ መሆን አለበት፤ ስለዚህ ከ100 ዲግሪ በታች ነው የሚሠራው፤ በዚያ ሙቀት ደግሞ ሃይድሮጅኑ በጣም ንጹሕ ካልሆነ ፕላቲኒየሙን ይመርዘዋል። ሌላው ዓይነት ከሴራሚክ የሚሠራ ሲሆን ከ700 ዲግሪ በላይ ግለት ይፈልጋል። በሁለቱ መሃል ሰፊ ሜዳ አለ። ፕሮፌሰር ሶስና የገቡት እዚያ መሃል ነው።

«የባትሪ አሲድ ያውቃሉ አይደል?» አልኳቸው። ታክሲ የሚነዳ ሰው የባትሪ አሲድ ሊጠፋው አይችልም። የባትሪ አሲድ ሁለት ሃይድሮጅን አለው። አንደኛውን አውጥታችሁ ሲዚየም የሚባል ብረት ብትተኩበት ግማሽ አሲድ፣ ግማሽ ጨው የሆነ ደረቅ ክሪስታል ታገኛላችሁ። ጠጣር አሲድ የሚባለው ይኼ ነው። በ1982 የሶቪየት ኅብረት ተመራማሪዎች ይኼ ክሪስታል 141 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ፕሮቶን የማሳለፍ ችሎታው በድንገት በሺህ እጥፍና ከዚያም በላይ እንደሚዘል አሳይተው ነበር።

ለምን ይዘላል? እስክስታ ከመጀመሩ በፊት ያለ የሰርግ ድንኳን አስቡ። ሰው ሁሉ በየወንበሩ ተቀምጧል፤ በእጁ የያዘውን ሳህን ከጎኑ ላለው ብቻ ነው የሚያቀብለው፤ እዚያው ሁለቱ መሃል ይቀራል። ጭፈራው ሲጀመር ግን ሁሉም ባለበት ይሽከረከራል፤ አሁን ፊቱን ወዳዞረበት ሁሉ ማቀበል ይችላል። ሳህኑ ድንኳኑን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ ይሄዳል። የሰልፌቱ ቡድኖች ናቸው ጨፋሪዎቹ፤ ሳህኑ ፕሮቶኑ ነው። ጨፋሪው ከቦታው ሳይለቅ ሳህኑ ይጓዛል።

እዚህ ላይ ስደርስ አባትየው አቋረጡኝ። «ቆይ ቆይ። ጨው ነው አላልክም? ደግሞ ውሃ ይወጣዋል ብለሃል። ጨው ውሃ ሲነካው አይሟሟም?»

ስልኩን ይዤ ዝም አልኩ። ምክንያቱም ይኼ የእሳቸው ጥያቄ ቁሱን ለሃያ ዓመት ያህል ከፉዌል ሴል ያራቀው ጥያቄ ነው። ፉዌል ሴል ውሃ ይሠራል፤ ጠጣር አሲድ ውሃ ውስጥ ይሟሟል፤ ስለዚህ አይሆንም። የሚያስኬድ አይመስልም ነበር። ፕሮፌሰር ሶስና ከዶክትሬቱ በኋላ ጀርመን፣ ሽቱትጋርት በሚገኘው የማክስ ፕላንክ ተቋም ነበር ከእነዚህ ክሪስታሎች ጋር የተገናኙት፤ በ1995 ከዚያ ካሉ ባልደረቦቻቸው ጋር የዚሁ ቤተሰብ የሆነ አዲስ ክሪስታል አሳተሙ። በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ አልፈው በ1996 ካልቴክ ገቡ። በ2001 ኔቸር ላይ ከተማሪዎቻቸው ጋር የጻፉት መልስ ከሰሙት በኋላ ቀላል ነው፤ ከ100 ዲግሪ በላይ እስከሠራህ ድረስ ውሃው እንፋሎት ነው። እንፋሎት ጨው አያሟሟም። ሲዘጉትም ሳይቀዘቅዝ እንፋሎቱን ማስወጣት ነው። ከ150 እስከ 160 ዲግሪ ላይ የሠራው ያ የመጀመሪያ ሴል 1.11 ቮልት ሰጠ። የሚሰጠው ጅረት ግን ጥቂት ነበር።

ለእናንተ፣ ለተማሪዎቹ፣ ይበልጥ ልነግራችሁ የፈለግሁት ግን ከዚህ በኋላ የሆነውን ነው። ያ ቁስ ከሸፈ። ሃይድሮጅኑ ከፕላቲኒየሙ ጋር ሆኖ ሰልፌቱን እያፈረሰ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ያወጣዋል፤ ጋዙም ፕላቲኒየሙን ይመርዛል። ኔቸር ላይ ስማቸውን ያስጠራው ቁስ ራሱን በራሱ የሚገድል ነበር። ይኼን ያጋለጠ ተቀናቃኝ አልነበረም፤ በ2003 «ይኼ ቁስ በፉዌል ሴል ውስጥ አይጸናም» ብሎ ያሳተመው የራሳቸው ቡድን ነው።

ከዚያ ሰልፌቱን ትተው ወደ ፎስፌት ዞሩ። ፎስፌቱም የራሱ ጣጣ አለው፤ ጭፈራው የሚጀምረው 230 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ እዚያ ሙቀት ላይ ደግሞ ውሃውን እየለቀቀ ወደ ሌላ ነገር ይቀየራል። እንዲያውም ሌሎች ተመራማሪዎች «ዝላይ የምትሉት ነገር ዝላይ አይደለም፣ ቁሱ ሲበላሽ የሚታይ ነው» ብለው ተከራከሩ። የካልቴኩ ቡድን ቁሱን በከፍተኛ ግፊት ውስጥ ፈትኖ ዝላዩ እውነተኛ መሆኑን አሳየ። በ2004 ደግሞ ሳይንስ በተባለው መጽሔት መፍትሔውን አወጡ፤ የሚያስፈልገው በሴሉ ውስጥ በቂ እንፋሎት ማቆየት ነው። እንፋሎት ካለ ፎስፌቱ ውሃውን አይለቅም። ልብ በሉ፤ ሁሉም ሰው የፈራው ውሃ ነበር፤ ቁሱን ያዳነውም ውሃ ሆነ። ሴሉ 250 ዲግሪ አካባቢ ሠራ።

ባለፈው ዓመት አንድ የማኅበራችን አባል ምርምሩን አቋርጦ ወጣ። ለወራት የደከመበት ሙከራ ከሽፎበት ነበር። ሲሰናበተኝ «እኔ እንደነሱ ዓይነት ሰው አይደለሁም» አለኝ። እነሱ ያላቸው ሰሌዳችን ላይ ያሉትን ነው። ውሳኔው ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ለዶክትሬት ሲባል ሕይወት አይበላሽም፤ አገር ቤት ገንዘብ የሚጠብቁ እናት ያሉት ሰው ስድስት ዓመት በተማሪ አበል ይኑር ብዬ የምፈርድ እኔ ማን ነኝ? የሚቆጨኝ ግን ያቀረበው ምክንያት ነው። «እንደነሱ ዓይነት» የሚባል ሰው የፈጠርነው እኛ ነን፤ ፎቶና ሽልማት ብቻ በመስቀል። የ2003ቱን ጽሑፍ አንብቦ ቢሆን ኖሮ፣ የሚያከብራቸው ሴት በትልቁ ግኝታቸው ላይ በገዛ እጃቸው «አልሠራም» ብለው እንደጻፉ ያውቅ ነበር። እኔም ብሆን የመጀመሪያውን ሰባት ወር የሠራሁት ናሙና በሙሉ ቆሻሻ ቅርጫት ነው የገባው፤ ለእናቴ ግን በየሳምንቱ «ጥሩ እየሄደ ነው» ነበር የምላት።

ወደ ስልኩ ልመለስ። ሁለተኛው የአባትየው ጥያቄ የገንዘብ ነበር። «ፕላቲኒየም ውድ አይደል እንዴ? ካታሊቲክ ኮንቨርተር የሚሰርቁት ለእሱ ነው ይባላል።» እውነት ነው፤ የጠጣር አሲድ ሴል ትልቁ ድክመት እዚህ ላይ ነው። ፕላቲኒየሙ ሥራውን የሚሠራው ከአሲዱም፣ ከጋዙም፣ ከኤሌክትሪኩ መሄጃም ጋር በአንድ ጊዜ በሚነካካባት ነጥብ ላይ ነው። አሲዱ ጠጣር ስለሆነ እንደ ፈሳሽ ገብቶ ሁሉንም አይነካም፤ ስለዚህ ብዙ ፕላቲኒየም ትጨምራለህ፣ አብዛኛው ሥራ ፈት ሆኖ ይቀመጣል።

ናኖ የሚባለው ነገር የሚመጣው እዚህ ነው። ናኖ ሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው። ቃሉ ያስፈራል እንጂ ነገሩን ሙቀጫ ያለበት ቤት ሁሉ ያውቀዋል። የተቆላ ቡና ሳትወቅጡ ጀበና ውስጥ ብትጨምሩት ቡና አይወጣላችሁም፤ ውሃው የሚነካው ውጪውን ብቻ ነው። ስትወቅጡት ያው ቡና ነው፣ ገጹ ግን በዛ። በቁጥር ላስቀምጠው፤ እያንዳንዱ ጎኑ 1 ሳንቲ ሜትር የሆነ ኩብ ጠቅላላ ገጹ 6 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው። ያንኑ ኩብ 10 ናኖ ሜትር ጎን ወዳላቸው ኩቦች ብትቆራርጡት የገጹ ድምር 600 ካሬ ሜትር ይሆናል። ክብደቱ ያው፣ ዋጋው ያው።

የፕሮፌሰር ሶስና ቡድን አሲዱን በፈሳሽ አሟሙቶ በከፍተኛ ቮልቴጅ እንደ ጉም ይረጨዋል። ጠብታዎቹ በአየር ላይ ሲደርቁ የናኖ ሜትር መጠን ያላቸው ቅንጣቶች ሆነው ተደራርበው ያርፋሉ፤ ብዙ ቀዳዳ ያለው ነገር ይሠራሉ፤ እንጀራ ዓይን ሲያወጣ እንደሚመስለው። ይኼን በ2010 አሳተሙ። ለብቻው የቀረ ፕላቲኒየም ከኤሌክትሪኩ መንገድ እንዳይቆራረጥ ደግሞ ካርቦን ናኖቲዩቦችን እንደ ሽቦ በመሃሉ ዘረጉ፤ የ2013 ሥራ ነው። ፕላቲኒየሙ ቀነሰ። አልጠፋም፤ ቀነሰ።

በዚሁ በ2010 ከስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች ጋር ሆነው በፀሐይ ግለት ከውሃ ሃይድሮጅን የሚያወጣ ሪአክተርም ሠርተዋል፤ ሴሪየም ኦክሳይድን በ1500 ዲግሪ አካባቢ ኦክስጅኑን አስለቅቆ፣ ቀዝቀዝ ሲል ከውሃ ላይ እንዲነጥቅ ማድረግ ነው። ከገባው የፀሐይ ኃይል ወደ ነዳጅ የተቀየረው ግን 1 ከመቶ እንኳ አልሞላም፤ ጽሑፉ ላይም በግልጽ ተቀምጧል። ወደ ኖርዝዌስተርን የተዛወሩት በ2015 ሲሆን፣ በ2020 ያሳተሙት ሥራ እንደገና ወደዚያው ጠጣር አሲድ ይመልሰናል፤ በ250 ዲግሪ አሞኒያን ሰብሮ ንጹሕ ሃይድሮጅን የሚያወጣ ሴል። ከ1995 እስከ 2020 ያው አንድ የክሪስታል ቤተሰብ፣ ያው አንድ ጥያቄ ማለት ነው። እኛ በሁለት ሴሚስተር ርዕስ የምንቀይር ሰዎች ነን።

ሰሌዳውን እንለውጠው ብዬ ለኮሚቴው ሳቀርብ ሁለት ተቃውሞ ገጠመኝ። አንደኛው «መጀመሪያ ልጆቹ ይነቃቁ፣ ሳይንሱ ይደርሳል» የሚል ነው። ከላይ የጻፍኩት ጓደኛችን በደንብ የተነቃቃ ልጅ ነበር። ሁለተኛው «በአማርኛ አይሆንም፣ ቃላት የሉንም» ነው። ይኼኛው ትንሽ ያናድደኛል። ፕሮቶንን ፕሮቶን ብዬ፣ ፕላቲኒየምን ፕላቲኒየም ብዬ፣ የቀረውን በሰርግና በቡና ለአንድ ታክሲ ነጂ በሃያ ደቂቃ አስረድቻለሁ፤ ያቃተው እኔን እንጂ አማርኛን አልነበረም። በእንግሊዝኛም ቢጠይቁኝ ኖሮ በዚያ ቀን መልስ አልነበረኝም።

ከስብሰባው በኋላ ደግሞ አንዱ «ለመሆኑ ለኢትዮጵያ ምን አደረጉ?» አለኝ። ይኼ ጥያቄ በውጭ ባለ ምሁር ሁሉ ላይ ይነሣል። አሞኒያ የማዳበሪያ ዋና ጥሬ ዕቃ እንደሆነ፣ አገራችንም ማዳበሪያዋን በውጭ ምንዛሪ እንደምትገዛ እያነሣሁ መከራከር እችል ነበር። ግን አላደረግሁትም። አባትየው ሚኒሶታ ተቀምጠው የኢትዮጵያን ብራና አነበቡ፤ ልጅየው ካሊፎርኒያና ኢሊኖይ ተቀምጠው የሲዚየምን ጨው አነበቡ። ሁለቱም ሥራውን በሚገባ ሠርተውታል። ሥራው ምን እንደሆነ ሳናውቅ ለማን እንደተሠራ መጠየቅ የመጨረሻውን ገጽ ከፊት ማንበብ ይሆንብኛል።

ኮሚቴው በመጨረሻ የተስማማው በአንድ ምሽት ነው። በሚቀጥለው ሴሚስተር፣ አንድ አርብ ማታ፣ ቡና ይፈላል፤ አንድ ተማሪ ሰሌዳው ላይ ካሉት የአንዱን አንድ ጽሑፍ አንብቦ በአማርኛ ያስረዳል። ስላይድ የለም። ቤተሰብ ይጋበዛል። የመጀመሪያው ተረኛ እኔ ነኝ፤ የ2003ቱን ነው የማቀርበው፣ የከሸፈውን። የባዮሎጂና የኮምፒውተር ሳይንስ ልጆች ከወዲሁ ተመዝገቡ፤ የቀድሞ ተማሪዎችም የራሳችሁን ሥራ ይዛችሁ ብትመጡ ደስ ይለናል።

አባትየው በስልክ ሦስተኛ ጥያቄ ነበራቸው። «እሺ፣ ይኼ ነገር መቼ ነው እኔ መኪና ላይ የሚገጠመው?»

መኪና ላይ ይገጠማል ብዬ ለመናገር እንደማልደፍር ነገርኳቸው። ከዚያ ቡድን የወጡ ተማሪዎች ኩባንያ እንዳቋቋሙ፣ እሱም ይበልጥ የሚያስበው የኤሌክትሪክ መስመር ለማይደርስበት ቦታ እንደሆነ አልኩና «የቀረውን ራሳቸውን ፕሮፌሰሯን ብንጠይቃቸው ይሻላል» ብዬ ልዘጋ ስል፦

«ታዲያ ጥሯታ!» አሉኝ። «ፎቶዋን ከምትሰቅሉ።» ከኋላቸው ጥሩምባ ተነፋ፤ ተራቸው ደርሶ ነበር።